ስምንተኛው ፉርጎ

ጋሽ እንድሪስ ማለፋቸውን የሰማሁት ደሴ፣ ከታክሲ ወርጄ መንገድ ልሻገር ስል ነው። የደወለልኝ መካነ ሰላም አብሮኝ ያስተምር የነበረው ሙሉጌታ ነበር። ዕንባ ይመጣል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ዕንባውስ ዘግይቶ መጣ፤ ከሱ በፊት የመጣው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይታ ነበር። «እንኳንም!» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ዘወር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እንኳንም ሞቱ ማለቴ አልነበረም፤ እንኳንም ከዚያች የድሬዳዋ የስልክ ጥሪ በኋላ ሞቱ ማለቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሞተው ቢሆን ኖሮ ለቅሷቸው ላይ ቀና ብዬ መቀመጥ አልችልም ነበር።

መካነ ሰላም ላይ «የባቡሩ እንድሪስ» ሲባል የማያውቅ የለም፤ ባቡር ያየ ግን ከእሳቸው በቀር ብዙ ሰው አላውቅም። ከተማዋ ላይ እንኳን ባቡር፣ የደሴው አውቶቡስም በክረምት ደስ ሲለው ነው የሚደርሰው። እኔ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ መጓጓዣ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ባቡር ሲታጠፍ ሹፌሩ መሪውን ምን ያህል ነው የሚያዞረው?» አለችኝ። ባቡር መሪ የለውም ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ስዬ ሐዲድ ማለት ይህ ነው ብል፣ «ታዲያ እንዴት አይወድቅም?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ወጥቼ ለሙሉጌታ ሳማርር፣ «አንቺ ደግሞ፣ ጋሽ እንድሪስ እያሉ!» አለኝ።

ቤታቸው ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ፤ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ከላይ ጋቢ ጣል አድርገው በር ላይ ተቀበሉኝ። የልጆቹን ጥያቄ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ልጆቹ ምን አጠፉ? ያላዩትን እንዴት ይመኑ! ግቢ በይ፣ አብሽሪ» አሉኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ሻይ አቀረቡልን። ጋሽ እንድሪስ ከመጠጣታቸው በፊት ብርጭቆውን በጣታቸው አጥንት ቋ፣ ቋ አድርገው ጆሯቸውን አዘነበሉ። በኋላ ነው የገባኝ። ድሬዳዋ ባቡር ላይ በሠሩበት ዘመን፣ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን የብረት ጎማ በመዶሻ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ደህናው ብረት ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል ይሉ ነበር። ከሥራው ከወጡ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም፤ በር ይመታሉ፣ ጣሳ ይመታሉ፣ ገበያ ላይ ዱባ ሳይቀር ይመታሉ። አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤታችን የመጣ አዲስ ጠረጴዛ መቱና «ይሄ ዓመት አይሞላም» አሉ፤ እውነትም አልሞላም።

ያን ቀን ከአልጋ ሥር የካርቶን ሳጥን ጎትተው አወጡ። ውስጡ በሰርዲን ጣሳ የተሠሩ ሦስት ፉርጎዎች ነበሩ፤ ከባቡሩ ራስ ኋላ እየተጎተቱ ዕቃ የሚጭኑት ማለት ነው። ጎማቸው የለስላሳ ቆርኪ፣ መያያዣቸው የታጠፈ ሽቦ። በጣቴ ገፋ ባደርገው ካርቶኑ ላይ ያለ ድምፅ ሄደ።

«ለራሴ ነው የሠራኋቸው፤ ለሰው አላሳየሁም» አሉ። እትዬ ዘይነብ ከወዲያ ሆነው፣ «ሰው እርጅና ላይ ሐጅ ያስባል፣ የኔ ባል ቆርኪ ይለቅማል» አሉና ሳቁ።

እንዲህ ሆኖ ነው ሥራው የተጀመረው። ትምህርት ቤቱ የመርጃ መሣሪያዎች ክፍሉን ሰጠን። ሐዲዱን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሠራነው፤ የመካነ ሰላም ነፋስ ይመስገንና የተሰበረ ጃንጥላ ቸግሮን አያውቅም፣ ተማሪዎቹ በአንድ ሳምንት ክምር አመጡልን። ሐዲዱ የሚያርፍበትን የጽድ ሳንቃ ጋሽ እንድሪስ ከትውልድ ቀያቸው፣ ከከላላ በኩል በበቅሎ አስጭነው አስመጡት። የባቡሩን ራስ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሙሉጌታ ከአሮጌ ቴፕ የፈታው ሞተር ነበር።

ገና ከመጀመራችን አንድ ሕግ አወጡ። «የምንሠራው የኔን ዘመን ባቡር ነው። ከኔ በፊት ያለፈውም ከኔ በኋላ የመጣውም እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም» አሉኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የተጋጩት ከርእሰ መምህራችን ጋር ነው። ሰውዬው ጎንበስ ብለው የባቡሩን ራስ ከዞሩት በኋላ፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ ጭስ ማውጫው የት አለ? ጭስ የሌለው ምኑን ባቡር ሆነ! ትንሽ ጥጥ ብትሰኩበት እኮ ያምራል» አሉ።

«በጭስ የሚሄደው እኔ ከመግባቴ በፊት ነው ያለፈው። የኔው በናፍጣ ነው።»

«ኧረ እባክዎ፣ ማን ያውቅብናል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ርእሰ መምህሩ ተስፋ አልቆረጡም። በሳምንቱ የአዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ፎቶ በስልካቸው ይዘው መጡና፣ ጭሱ ካልሆነ ይሄን ከፊት አድርጉት፣ ዘመናዊ ነው አሉ። ጋሽ እንድሪስ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት። «ያምራል፤ አላህ ያሳድገው። ግን ጌታው፣ የልጅ ልጅ በአያቱ ሠርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ያውቃል?» አሏቸው። ርእሰ መምህሩ ሳቃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሱብንም።

ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ። ከፉርጎዎቹ አንዱ የጨው ጭነት አለው ሲሉኝ፣ እኔ ቅን ሴት ቤቴ ገብቼ ከማዳበሪያ ከረጢት እየቆረጥኩ አውራ ጣት የሚያህሉ ሃያ ጆንያዎች ሰፋሁ። አሸዋ ሞልቼ በኩራት ደረደርኳቸው። ጋሽ እንድሪስ አንዱን አንስተው አሹት።

«ከምን ሰፋሽው?»

«ከማዳበሪያ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አይ አስካለ! ያኔ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ከረጢት የት ነበረና? ጨው በጆንያ ነው የሚጫነው፤ በእውነተኛው ጆንያ፣ አንገት በሚበላው።»

ሃያውንም ፈትቼ ከአሮጌ ጆንያ እንደገና ሰፋሁ። ጣቢያው ላይ ለውበት ብዬ የሠራኋትን ቢጫ ጀሪካንማ በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተች አይጥ አንጠልጥለው መስኮት ላይ አስቀመጡልኝ። ያኔ በርሜል ነበር፣ ገንቦ ነበር፣ ጀሪካን የለም። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ጥፍሬን የምታክል ነገር እኮ ናት! ማን ያያታል?»

አልተቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ባቡር ከሐዲዱ፣ ነገር ከዘመኑ ሲወጣ ሰው ይጎዳል» አሉኝ። የሽማግሌ አነጋገር አድርጌ ወሰድኩት፤ ሰው እንደሚጎዳ የሚያውቁት ከየት እንደሆነ ለመጠየቅ አላሰብኩም።

ፉርጎዎቹን ሲመርጡ ማየት ደስ ይል ነበር። ወንበሩ ላይ ተደላድለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ አንድ ነገር እየዳሰሰ ይሄዳል። «ከራሱ ቀጥሎ ክዳን ያለው፣ ቡና የጫነ። ከዚያ የከብት፤ ጎኑ ክፍት ክፍት ያለ። ከዚያ ሁለት የነዳጅ…» ይላሉ። ስለ አንዱ ሲጠራጠሩ ለራሳቸው «በዚያን ቀን ነበረ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ነበረ ካሉ ይሠራል፤ አልነበረም ካሉ ምንም ቢያምር አይሠራም። የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እኔ እንዲያው ዘመኑን ማለታቸው መስሎኝ ነበር።

ሰባት ፉርጎ ከባቡሩ ራስ ኋላ ተቀጠለ። ስምንተኛውን ቤታቸው ብቻቸውን ሠርተው በመሐረብ ጠቅልለው አመጡት። ከሁሉም የላቀ ሥራ ነበር፤ ጫፉ ላይ አንድ ሰው የሚቆምባት ሰገነት አለችው፣ ሰገነቷ ላይ ከሸሚዝ አዝራር የተሠራች የእጅ ፍሬን መዘውር ቆማለች፤ በጥፍር ብትነኳት ትዞራለች። ይህን ፉርጎ ግን አልቀጠሉትም። በጎን ባለችው አጭር ሐዲድ ላይ ለብቻው አቁመው መሐረቡን አለበሱት።

«ጋሼ፣ ይሄስ?»

«እሱ ይቆይ።»

ወር ቆየ፣ ሦስት ወር ቆየ። አንዳንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ሰው የሌለ ሲመስላቸው መሐረቡን ገለጥ አድርገው ሲያዩት ደርሼባቸዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ጎማ እየመቱ ሲያዳምጡ እሱን ግን አንድም ቀን አልመቱትም።

የትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ ደረሰ። ወላጆች መጡ፣ የወረዳ እንግዶች መጡ፣ ከአጅባር ሳይቀር ከሌላ ትምህርት ቤት መምህራን መጡ። ጋሽ እንድሪስ ለዙህር ሶላት ወጣ እንዳሉ እንግዶቹ ወደኛ ክፍል ገቡ። ባቡሩን ላስነሳ ስል ያ ለብቻው የቆመ ፉርጎ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ይህን የመሰለ ሥራ ተሸፍኖ ሊቀር ነው! ትሕትናቸው ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል አልኩና መሐረቡን ገፍፌ፣ ከሰባተኛው ኋላ ቀጠልኩት። ሙሉጌታ በስልኩ ይቀርጻል። ባቡሩ ተነሳ፣ ስምንቱም ፉርጎ ተከታትሎ ዞረ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ገቡ፤ ዓይናቸው እስከ ባቡሩ ጭራ ሲደርስ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸውን ወደ ስምንተኛው ፉርጎ ዘረጉና ሳይነኩት መለሱ። የተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ማነው የቀጠለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አይ አስካለ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ ዘይነብ በር ላይ ተቀብለው፣ «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። ያችን ቃል ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ እንድሪስ ግን እኔን አልወቀሱም። አስቀመጡኝና እስከዚያ ቀን ከእትዬ ዘይነብ በቀር ለሰው ያልነገሩትን ነገሩኝ።

ባቡር ላይ ተሾመ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው። አብረው ተቀጠሩ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖሩ። አንድ ቀን ተዳፋት ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ደርሰው፣ ጨው የጫነውን ስምንተኛ ፉርጎ ፈትተው እዚያው ሊተዉት ሆነ። ተሾመ መያያዣውን ሊፈታ በሁለቱ ፉርጎዎች መሐል ገባ። ፉርጎው ተንሸራተተ፣ የተሾመ እግር ጎማው ሥር ቀረ።

«መዘውሩን ማጥበቅ የኔ ሥራ ነበር» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አንድ ዙር አዙሬ ተውኩት፤ ሦስት ዙር ነው የሚፈልገው። አለቃችን ጠርቶ ፉርጎው በደንብ ተይዞ ነበር ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ። ፈራሁ። ዋሸሁ። ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቀው አልቻልኩም፤ በምን ዓይኔ ልየው? ሁለት ዓመት ሠርቼ ጥዬ ወጣሁ። ይኸው አርባ ዓመት። እጄ መዘውሩ ላይ ሆኖ፣ አንዴ አዙሬው ስተወው፣ ሁልጊዜ ይታየኛል። ያን ባቡር የሠራሁት ለልጆቹ ብቻ አይደለም። ሁሉንም እንደነበረ ካስቀመጥኩት፣ ምናልባት አንድ ቀን ስምንተኛውን እቀጥለው ይሆናል ብዬ ነው። አልቻልኩም።»

«አብሽሩ ጋሼ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣው ይኸው ብቻ ነበር፤ ለራሴም ባዶ ሆኖ ተሰማኝ። ያ ሁሉ የጆንያና የጀሪካን ቁጣ አሁን ገባኝ። እኚህ ሰው ለአርባ ዓመት አንድ ቀንን እየለቀሙ ሲገጣጥሙ ነው የኖሩት፤ እኔ ደግሞ የማይነካውን ነክቼባቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሙሉጌታ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። የቀረጸውን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቆት ነበርና ከድሬዳዋ አንዲት ልጅ ከሥሩ ጽፋለች። «አያቴ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። ሁሉም ልክ ነው ይላሉ፣ ጆንያው ሳይቀር። የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ያለው የእጅ ፍሬን ግን ያኔ አልነበረም፤ የሠራው ሰው ዘመን ደባልቋል ይላሉ።»

ሙሉጌታ ያሳየኝ ሊያስቀኝ ነበር። እኔ ግን «ያኔ አልነበረም» የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ለልጅቷ፣ አያትሽ ማን ይባላሉ ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ ቶሎ መጣ። ተሾመ ይባላሉ። አንድ እግራቸው የለም።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ለጋሽ እንድሪስ ነገሩን በደፈናው ነገርኳቸውና፣ እምቢ ሳይሉኝ ልጅቷ የላከችልኝን የአያቷን ቁጥር መታሁት። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሐላችን አስቀመጥኩት። እትዬ ዘይነብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ማን ልበል?» አለ ጎርናና ድምፅ።

«እንድሪስ ነኝ።»

«የትኛው እንድሪስ?»

«ጎማ መቺው።»

«አለህ እንዴ አንተ ሰው!» አለ ድምፁ።

ጋሽ እንድሪስ ቸኮሉ፤ ድፍረታቸው ሳያመልጣቸው ሊጨርሱት የፈለጉ ይመስላሉ። «ተሾመ፣ አፉ በለኝ። ፍሬኑን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ። ለአለቃችን ያልኩት ውሸቴን ነው።»

«የምን ፍሬን?»

«የስምንተኛው ፉርጎ ነዋ!»

«እሱ ፍሬን የት አለውና! ልጅቷን ጻፊላቸው ያልኳት እኮ ይሄንኑ ነው። መዘውር ያላቸው የመጡት እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው። ያኔ ያን ዓይነቱን ፉርጎ በታኮ ነበር የምናቆመው። እንጨት ከጎማው ሥር ሸጉጦ ማቆም የማን ሥራ ነበር? የኔ! የባቡሩ ራስ የያዘው መስሎኝ፣ ታኮውን ላስተካክል ብዬ ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንተማ ሰባተኛው ላይ ቆመህ ‹ተው ተሾመ፣ ገና ነው!› እያልክ ትጮህ ነበር።»

«እጄ ግን መዘውሩ ላይ ነበር። አየዋለሁ እኮ፣ ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«እኔ ከወደቅኩ በኋላ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ሁለት።»

«በቃ! ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን እያሰብክ ስታዞር የኖርከውን መዘውር ወደ ኋላ ወስደህ እኔ የወደቅኩበት ቀን ላይ ተከልከው። አርባ ዓመት ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም! እኔ ደግሞ በኔ ጥፋት አንተ ስትጠየቅ ተቀይመኸኝ የቀረህ መስሎኝ… አንድ ቀን እንኳ ሆስፒታል ዝር አላልክም።»

ጋሽ እንድሪስ ስልኩን አነሱና ጀርባውን በጣታቸው አጥንት ቋ፣ ቋ አድርገው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ምንድን ነው የምትመታው?» አለ ድምፁ። «አልተሰነጠቅኩም፣ አለሁ!»

ያኔ ነው የሳቁት። ከሆዳቸው የወጣ፣ እትዬ ዘይነብን ያስደነገጠ ሳቅ፤ ዕንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል። «ዘይነብ፣ ሰማሽ? ዘመን የደባለቅኩት እኔ ነኝ! የዚችን ልጅ ከረጢት እያስፈታሁ፣ ጀሪካኗን እየጣልኩ… ያ ረቢ! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ!» እትዬ ዘይነብ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። የኔ ጥፋት በር ከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዕድለኛ ጥፋት ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ከተማሪዎቹ ቀድመው ትምህርት ቤት ተገኙ። ጉጠታቸውን አውጥተው የአዝራሯን መዘውር ነቀሉ፣ ሰገነቷንም ቆርጠው አነሱ፣ ቀዳዳውን በቀለም ደፈኑ። ከዚያ ስምንተኛውን ፉርጎ በገዛ እጃቸው ቀጠሉት። ለተማሪዎቹ «ስህተት ነበረበት፤ ታርሟል» ብቻ ነው ያሏቸው። ጎማውን በጥፍራቸው ሲመቱት አየሁ፤ ከቆርኪ ምን ድምፅ እንደሚጠበቅ እንጃ፣ ራሳቸውን ግን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ ብል ይበዛብኛል። ያው ጠረጴዛ መቺ፣ ያው ጥንቁቅ ናቸው። ግን ይበሉ ጀመር፤ እትዬ ዘይነብ ምስክር ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከጋሽ ተሾመ ጋር በስልክ ይከራከራሉ፤ የከብቱ ፉርጎ ቀለም ቀይ ነበር፣ የለም ቡኒ ነበር፣ ቡናው ሁለተኛ ነበር፣ የለም አንደኛ ነበር። ጋሽ ተሾመ ሲያሸንፉ እኛ ፉርጎ እናዘዋውራለን። አንድ ቀን ያችን ቢጫ ጀሪካኔን ከመስኮቱ አንስተው በእጄ አኖሩልኝና፣ «ለራስሽ ዘመን ባቡር ትሆንሻለች» አሉኝ። ደሴ ስዛወር ይዣት ሄድኩ፤ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለች።

ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። እትዬ ዘይነብ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከመቀነታቸው አንዲት አዝራር ፈትተው አወጡ። «ከቱታው ኪስ ያገኘሁት ነው። የየትኛው ሸሚዝ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ» አሉኝ። መሐሏ ላይ የሽቦው ቀዳዳ አለ። ምን እንደሆነች ነገርኳቸው። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። «አርባ ዓመት እንቅልፍ የነሳን ይሄ ነው?» አሉና በለቅሷቸው መሐል ሳቁ። ከዚያ መልሰው ቋጠሯት።

ከዚያ ወጥቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሙሉጌታ ክፍሉን ከፈተልኝ። ባቡሩ በሐዲዱ ላይ ቆሟል፤ ስምንቱም ፉርጎ ተያይዟል፣ አቧራ እንኳ የለበትም። ስልኬ ጠራ። ጋሽ ተሾመ ነበሩ፤ መምጣት ስላልቻሉ ድምፃቸው ተሰብሯል።

«ልጄ፣ የት ነሽ?»

«ባቡሩ ጋ ነኝ።»

«ስምንተኛው አለ?»

«አለ፣ ጋሼ። እሳቸው እንደቀጠሉት ነው።»

«በይ ታኮ አድርጊለት» አሉኝ።

ከጠረጴዛው ሥር የጽድ ስንጣሪ ፈልጌ በጥርሴ ሰበርኩና ከመጨረሻው ጎማ ሥር ሸጎጥኩት።

«አደረግሽ?»

«አድርጌያለሁ።»

«ጥሩ» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ይሄኛውን አላነሳውም።»